የተከራዬ አባት

ጥቅምት 6

ከዛሬ ጀምሮ የምለው ሁሉ ይጻፋል። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ፀሎት ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ደብቄውም አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ቡልጋሪያ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆኜ የስንቱን ባለሥልጣን ጎማ ለጥፌያለሁ፣ አንዱም "መጀመሪያ ሀ ሁ በል" አላለኝም። አሁን ሥራ ትቼ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ያለ ሰው ደግሞ ያወራል። "ማታ ማታ ለእኔ ከሚያወሩልኝ ይጻፍልዎት፣ አባባ" አለች። ልትገላገለኝ ነው እንዴ? ... እሱንም ጻፊው።

ዛሬ ምንም የተለየ ነገር የለም። ውሃ የለም። ሰርቪስ ቤቱን የተከራየኝ ኮሪያዊ ሰላም ሊለኝ መጣ፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ካልሲው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። "ይሄ መስጊድ ነው እንዴ? ልበስ!" አልኩት። ባለሱቁ ጎረቤቴ ሱሌማን ስኳር ሊያደርስ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል።

"ጋሼ ተካ፣ መስጊድ ቢሆንማ እርስዎን በዚህ ጫማ ማን ያስገባዎት ነበር?"

ጫማዬን አየሁት። ጭቃ በጭቃ። የራሴን ምንጣፍ ሳበላሽ የኖርኩት እኔ ነኝ ለካ።

ጥቅምት 9

ስሙ ጂሁን ነው። ዕድሜው ገና ሃያዎቹ ውስጥ። ሚሲዮናዊ ነኝ ይላል። ባምቢስ ጀርባ ካለች አንዲት የጴንጤዎች ቸርች ጋር ነው የሚሠራው። ጊታር ያስተምራል፣ አማርኛ ይማራል። ቤቱን ሳከራየው በግልጽ ነገርኩት፦ "እኔ የኡራኤል ሰው ነኝ። ልትሰብከኝ ከሞከርክ ኪራይ ይጨምራል።" በሁለት እጁ እጄን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ "እሺ ጋሼ" አለ። እንዴት ያለ ያደገ ልጅ ነው! ለትልቅ ሰው ማንኛውንም ነገር የሚሰጠው በሁለት እጁ ነው። የእኛዎቹ ይህን ከረሱት ቆዩ።

የሰፈር ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ይከተሉታል። ክረምት ላይ የዓለም ዋንጫ ያዩት ደግሞ "ኮሪያ!" ይሉታል። ለእያንዳንዱ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። እንዲህ ሆኖ ታክሲ ጋ መቼ ይደርሳል? ትናንት ጠርቼ መከርኩት። "ለሚጮህብህ ሁሉ አትመልስ። ዝም ብለህ ቀጥ ብለህ ሂድ። አዲስ አበባ እንዲህ ነው።"

ዛሬ ጠዋት ከበረንዳዬ ላይ "ጂሁን! ደህና አደርክ?" ብዬ ጮህኩ።

ቀጥ ብሎ ሄደ።

ጥቅምት 16

ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ይጮሃል፤ የጂሁን እህት ናት፣ ከኮሪያ። የቤቴን ስልክ እንዳይደወልበት ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ግን ክፍት ነው። እሱ ሳሎን መጥቶ ያወራል። እኔ አልወጣም። ቤቴ ነው፣ የት እሄዳለሁ?

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ያወራል፣ ይስቃል፣ ከዚያ አንዲት ነገር ይጠይቃል። ከዚያ ዝም። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ከዚያ ፊቱ ይወድቅና ይዘጋዋል።

ዛሬ ጠየቅኩት። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጁ ነገረኝ። አባቱ መስኮትና በር ይሠራል፣ የአሉሚኒየም። ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ሱቁን ይረከበኛል ብሎ ሲጠብቅ ልጁ ተነስቶ ሚሲዮናዊ ሆነ። አባት ደግሞ የእሱን ሃይማኖት አይወድም። የሄደ ቀን "ልጅ የለኝም" አለው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፁን አሰምቶት አያውቅም። እህት ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩን ወደ አባቷ ትዘረጋለች፣ አባት ተነስቶ ይወጣል።

"በሩ ሲዘጋ እሰማለሁ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ሄደህ እግሩ ላይ አትወድቅም?"

"ና ካላለኝ አልችልም፣ ጋሼ። ና ካለኝ በዚያው ቀን እሄዳለሁ።"

"ይልሃል" አልኩት። ምን አውቄ ነው? እውነቱን ከተናገርኩ እኔም አባቱን ብሆን በሩን ዘግቼ እወጣ ነበር። እንዲያውም ባልከፈትኩት።

ጥቅምት 22

ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ሽታ። ምን ዓይነት ሽታ! ሴፕቲኩ ፈንድቷል ብዬ ደመደምኩ። ጉድጓድ ቆፋሪውን ደጋጋን አስጠራሁ፣ ሱሌማንንም ጠራሁ፣ የሲሚንቶውን ክዳን አስነሳሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ "እዚህ ጋ ቆፍር፣ የለም እዚያ ጋ" ስል ዋልኩ። ሴፕቲኩ ደህና ነው። ደጋጋ በመጨረሻ አፍንጫውን ተከትሎ ሄደና አንድ ትልቅ ማሰሮ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ የሚሸተው ይሄ ነው። የተቦካ ጥቅል ጎመን ነው። በርበሬ አለው።"

ጂሁን ከቸርች ሲመለስ ሦስት ሰዎች አካፋ ይዘን ምግቡን ከበን ቆመናል። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ከዚያ ሳህን አምጥቶ ለሁላችንም አወጣልን። እንቢ ማለት ነውር ሆነብኝና ቀመስኩ።

ክፉ አይደለም። ... ደገምኩ። ፀሎት፣ መድገሜን አትጻፊ።

ጻፈችው።

ጥቅምት 29

ውሃ መጣች። ሄደች።

ህዳር 2

ትናንት እሁድ ጂሁን ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ሰብኳል። እኔ ነኝ ያለማመድኩት፤ ስብከቱን አይደለም፣ አማርኛውን። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እናገራለሁ፣ ይደግማል። ዛሬ የቸርቹ መሪ ፓስተር ታዲዎስ ቤቴ ድረስ መጣ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።

"ጋሼ ተካ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይህን ልጅ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?"

"አማርኛ።"

"ማለቴ... መድረክ ላይ ወጣና 'ምን ይገትራችኋል? ተቀመጡ!' አለ።"

"ቆመው ነበር?"

"ቆመው ነበር። ለጸሎት ነው የቆሙት! በቃ፣ ሲጨርስ ደግሞ 'ወሬ አላበዛም፣ ዞር በሉ' ብሎ ወረደ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከየት ተማርከው ስንለው 'ከጋሼ' አለ።"

"የአማርኛ ስህተት አለበት?"

"ስህተትስ የለበትም..."

"እንግዲያስ!"

ፓስተሩ ከሄደ በኋላ ግን አሰብኩት። ለካ ሠላሳ ዓመት ለደንበኛ የተናገርኩት እንዲህ ነው? እንዴት ነው ታዲያ ሰው ጎማ ያሠራ የነበረው?

ህዳር 12

ሚካኤል። ህዳር ሲታጠን። እንደ ወጉ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ አነደደ፤ ከተማው በጭስ ታፈነ። እኔም የግቢውን ቅጠልና የተቀደደ ካርቶን ከምሬ ለኩሼ፣ ጋቢዬን ለብሼ አጠገቡ ቆምኩ።

ለጂሁን መንገር ረስቻለሁ። ወር ሙሉ ሳንቲም የሚያህል ነገር ሳይቀር አስተምሬው ይሄን ብቻ ረሳሁ። ልጁ በር ከፍቶ ወጣ፣ ጭሱን አየ፣ ከአጥሩ ማዶ ጭስ፣ ከዚያ ማዶ ጭስ... ከተማው ነው የሚቃጠለው። "እሳት! ጋሼ፣ እሳት!" ብሎ በርሜል ውስጥ ያጠራቀምኩትን ውሃ በባልዲ እየቀዳ እኔ ላይ፣ እሳቱ ላይ፣ ጋቢዬ ላይ። ከዚያ በአጥር ዘሎ የእትዬ ሸዋአየሁንም አጠፋላት። ሸዋአየሁ አፏ ስለታም ነው፣ እድሜያችን እኩል ነው።

"አንተ ተካ! ይሄን ሰው ነው አስተማርኩት የምትለው? የጳጉሜን ጠበል መስሎት ነው እንዴ?"

በርሜሉ ባዶ ነው። ውሃ የምትመጣው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው እግዜር ነው። ልጁን ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ አየሁት፤ ሁለት እጁን አጣምሮ፣ ፊቱ ጥላሸት፣ ያዳነኝ መስሎት ደስ ብሎታል። "ጎበዝ" አልኩት። ምን ልበል?

ህዳር 14

የእህቱ ስልክ ዛሬ ረዘመ። አባቱ ሆስፒታል ገብቷል። ሳንባ ነው። ጂሁን "ልምጣ?" ብሎ አስጠየቀ። እህት አባቷን ጠይቃ ተመለሰች። "አይምጣ" ብሏል።

ቁጭ ብሎ የስልኩን ገመድ ሲጠመዝዝ ቆየ። "ጋሼ፣ እኔ እየጠበቅኩ እሱ ቢሞትስ?"

"አይሞትም። የሚቆጣ ሰው አይሞትም" አልኩት። እኔ እኮ የማላውቀው ነገር የለም።

ህዳር 24

ፀሎት፣ አሁን እያለቀስሽ አትጻፊ። ቀስ ብዬ በተራ ልናገር።

አመሻሽ ላይ ስልክ ጮኸ። ማክሰኞ እኮ ነው። ፀሎት ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ኡራኤል አጠገብ የአውሮፕላን ትኬት የሚቆርጥ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። አነሳች። በእንግሊዝኛ ተነጋገረች። ዘጋችና ወደ በሩ ሮጠች።

"ወዴት ነው?"

"ጂሁንን ልጥራ፣ ቸርች ነው ያለው! አባባ፣ አባቱ ይምጣልኝ ብሏል! ሲጠብቀው የነበረው..."

"ቁጭ በይ። ምን ምን አለች እህቲቱ?"

"አባታችን ታሟል፣ ደከም ብሏል፣ ጂሁን ቶሎ ይምጣ፣ ቢቻል ዛሬውኑ። የዛሬ ማታ አውሮፕላን አለ፣ አስይዝለታለሁ።"

ገባኝ። "ልጄ፣ ሰውየው ሞቷል።"

"እንዴ! ሞቷል አላለችም እኮ! ደንግጬ ጠይቄያታለሁ፣ አለ ብላኛለች።"

"ታዲያ ምን ትበል? በስልክ ሞተ ብሎ የሚናገር ማን ነው? አጎትሽ የሞተ ጊዜ ምን ተባልን? ትንሽ አሞታል፣ ኑ። ሄድን፤ ድንኳኑ ከሩቅ ታየን። አክስትሽስ? ትንሽ ደከም ብላለች። እኔ በዕድሜዬ ደከም ብሏል፣ ቶሎ ይምጣ ተብሎ የተገኘ ሰው አላየሁም።"

"አባባ፣ እነሱ እኮ ኮሪያዎች ናቸው።"

"ኮሪያ ልብ የለውም? ሐዘንተኛ ልጅ ብቻውን አየር ላይ ሊሰቀል ነው? ይብላ፣ ይተኛ። ንጋት ላይ ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እናረዳዋለን።"

ፓስተር ታዲዎስን አስጠራሁ። ነገሩን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። "ደከም ብሏል ካሉማ... በቃ። ጌታ ያጽናው።" ሸዋአየሁ ገና ከበሩ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ሱሌማን ብቻ ራሱን እያከከ፣

"ጋሼ፣ ታሟል ሲሉ ታሟል ማለታቸው ቢሆንስ?" አለ።

"አንተ ስኳርህን ሽጥ።"

ጾም ነው፤ እኔ አልቀምስም። ለልጁ ግን ጥብስ አስጠበስኩ፣ እንቁላል አስጨመርኩበት። መርዶ ባዶ ሆድ ላይ አይወርድም። ገብቶ ሲያየው ደስ አለው።

"ጋሼ፣ ዛሬ በዓል ነው?"

"አዎ" አልኩት። ዋሸሁ።

በልቶ ሲጨርስ ጊታሩን አምጥቶ ለምስጋና ዘመረልን። ሸዋአየሁ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ አጨበጨብኩ። የማታው አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ፀሎት ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

ህዳር 25

ይህን የሚጽፈው ሱሌማን ነው። ፀሎት "እጄ አይጽፍልዎትም" ብላ ሥራ ሄዳለች። ሱሌማን ከራሱ የጨመረው ነገር ካለ እኔ አላልኩም።

(አልጨመርኩም። ሱሌማን።)

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን። እኔ፣ ፓስተሩ፣ ሸዋአየሁ፣ ሱሌማን። ልጁ በቁምጣ ወጣ። አራታችንን ተሰልፈን ሲያይ መጀመሪያ ያለው "ኪራይ ረሳሁ?" ነው። አስቀመጥኩት። ትከሻውን ያዝኩ። በዚህ ሰፈር መርዶ የማረዳው እኔ ነኝ፤ ስንቱን አርድቻለሁ፣ ሰው ሲጨነቅ "ተካን ጥሩት" ይላል። ኮራ ብዬ ነው የገባሁት፣ ለምን እዋሻለሁ?

"ጂሁን ልጄ፣ በርታ። ወንድ ነህ። አባትህ ሞቷል።"

ሸዋአየሁ ለቀቀችው። "ወይኔ ቁመናው! ወይኔ ደግነቱ! ወይኔ አንተ መስኮት ሠሪው!" አይታው አታውቅም። ፎቶውን እንኳ አላየችም። እኔም ጮህኩ። ፓስተሩ ያለቅሳል። ግቢው ተሞላ።

ልጁ አልጮኸም። ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ። ቀና ሳይል፣

"ሳይሞት... ጠርቶኛል?" አለ።

ከበሩ ላይ ፀሎት መለሰች። "ጠርቶሃል። ትናንት ማታ ይምጣልኝ ብሏል ብላ እህትህ ደውላ ነበር።"

ቀና አለ። "ትናንት?" አየኝ። ያንን ዓይን እስከምሞት አልረሳውም። "ስልክ፣ ጋሼ።"

ቁልፉን ከአንገቴ አወጣሁ። መቆለፊያውን መክፈት አቅቶኝ ፀሎት ከፈተችው። ደወለ። እህቱን አናገራት፣ ጮኸባት። ከዚያ ተንበርክኮ ጀርባውን ቀጥ አደረገና ድምፁ ተለወጠ። የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ።

"ማን ነው?" አለ ፓስተሩ በሹክሹክታ።

ፀሎት አፏን ይዛለች። "አባቱ ነው።"

ሸዋአየሁ ሙሾዋ መሃል ላይ ነበረች። "ማን?" አለች።

"ሟቹ" አለ ሱሌማን። "ሟቹ ነው ስልኩ ላይ ያለው።"

ነጠላዋን ቀስ ብላ ወደ ደህናው መለሰችው።

ልጁ ስልኩን ዘግቶ እያለቀሰ፣ እየሳቀ፣ "ና አለኝ። ጋሼ፣ ና አለኝ" ይላል። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቀጥለው አውሮፕላን ነገ ማታ ነው አለችው ፀሎት። ሐኪሞቹ ብዙ ቀን የለውም ብለዋል።

"ጋሼ፣ እስከዚያ ይጠብቀኛል?"

ትናንት ሁሉን አውቅ ነበር። "አላውቅም" አልኩት። ይህን ቃል በዚህ ሰፈር ማንም ከአፌ ሰምቶት አያውቅም።

(እውነት ነው። ሱሌማን።)

ህዳር 26

ፀሎት ተመልሳለች። "አላሳምርልዎትም፣ እንዳሉት ነው የምጽፈው" ብላ ነው። እሺ።

ወሬው ካዛንቺስን አዳርሷል። እንጀራ ልገዛ ብወጣ ባለታክሲው መስኮት ከፍቶ "ጋሼ ተካ! እስቲ እዩኝ፣ በሕይወት አለሁ?" አለኝ። ድሮ የሠራሁበት ጎሚስታ ቤት ስደርስ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው መሬት ላይ ተጋደሙ። "ይቅበሩን እንጂ፣ ጋሼ!" መሳደብ አማረኝ። በምን አፌ?

ሳቁ አይደለም የከበደኝ። ሰውየው ዛሬ ወይ ነገ ቢሞት ልጁ ሳይደርስበት ነው። አባት ስንት ጊዜ ስልክ ላይ በር ዘግቶ ወጥቶ፣ በመጨረሻ በሩን ሲከፍት እኔ መሃል ላይ ገብቼ ዘጋሁበት። በጥብስ። በእንቁላል።

ማታ ሸኘነው። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ በሁለት እጁ እጄን ያዘና "አይዞዎት፣ ጋሼ" አለኝ። እኔን! ሐዘንተኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት።

ህዳር 28

ቅዳሜ። ስልኩ አልጮኸም።

ህዳር 29

ኡራኤል ሄድኩ። ለማላውቀው፣ ሃይማኖቴን ለማይወድ፣ የልጁንም ሃይማኖት ለማይወድ ሰው ጸለይኩ። ስሙን አልጠየቅኩም ለካ! "ያ መስኮት ሠሪው" ብዬ ነው የለመንኩት። ኡራኤል ሰምቶኝ ከሆነ ስንት መስኮት ሠሪ እንደሚድን እንጃ።

ታኅሣሥ 3

ስልኩ ጮኸ!

ደርሷል። ጂሁን ደርሷል፣ አባቱ አለ። ፀሎት ስልኩን ሰጠችኝ፤ ቃል በቃል ሁሉንም ነገረኝ። ሲገባ አባቱ ለምን ዘገየህ ብሎታል። ልጁ መዋሸት አይችልም። ጎረቤቶቼ የሞትክ መስሏቸው ንጋት ላይ አልቅሰውልህ ነው አለው። አባት "እኔን የት ያውቁኛል?" አለ። "አያውቁህም።" "ማን ነው ያለቀሰው?" ልጁ የሸዋአየሁን አለቃቀስ አሳየው፣ ራሷን ስትይዝ፣ "ቁመናው!" ስትል። ሰውየው አልጋ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ፤ ነርሶቹ ሮጠው መጡ።

ከዚያ ጂሁን "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁ" አለኝ። ስልኩ ተንኳኳ፣ ሰው ተነፈሰ፣ ከባድ ትንፋሽ። አንዲት ቃል መጣች። ልጁ አስተምሮት ነው፣ በአማርኛ፣ በደከመ ድምፅ፦

"አለሁ።"

"ይኑሩ፣ ወንድሜ" አልኩ። አልገባውም። እኔም ከዚያ በኋላ የተናገረው አልገባኝም። ብዙ አወራን፣ እሱ በኮሪያኛ፣ እኔ በአማርኛ። ሳንግባባ የተስማማሁት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 19

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደውል የነበረው ልጅ ዛሬ አልደወለም። ሸዋአየሁ ሦስቴ ተመላለሰች።

"ፀሎት ደውላ ትጠይቅ፣ ተካ። ልባችን ተሰቀለ እኮ።"

"ማንም አይደውልም። ያለ ከሆነ አለ። ከሌለም ልጁ ይንገረን። እኔ ከመርዶ ሥራ ወጥቻለሁ።"

"አንተ? ታዲያ ሰፈሩን ማን ያረዳል?"

"ጆሮ ያለው ያርዳ። እኔ ሰው የሚለኝን ትቼ የማስበውን ነው የምሰማው።"

አላመነችኝም። ስትወጣ "በሽታ ነው፣ ያልፍለታል" ስትል ሰማሁ።

ጥር 2

ጂሁን መጣ።

ከሰዓት ነው። በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነበር። የግቢውን በር ከፍቶ ገባ፣ ሻንጣውን አስቀመጠ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጋሼ፣ አባቴ ሞተ።"

እንዲህ ነው ያለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ቆሞ፣ ሽማግሌ ሳይሰበስብ። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ አይነገርም፣ ሰው ይሞታል ስል ኖሬያለሁ። ሰማሁት። አልሞትኩም። ጩኸትም አልመጣልኝም። ባለፈው ጊዜ ያንን ሁሉ ጮኼ ጨርሼው ይሆን? "መቼ?" አልኩ ብቻ። "ከገና በፊት። እጄን ይዞ ነበር።"

አጠገቤ ተቀመጠ። ነገረኝ። ማታ ማታ አባቱ "እስቲ ያቺ ሴትዮ እንዴት ነው ያለቀሰችው?" ይለዋል፣ ልጁ ያሳየዋል፣ ይስቃሉ። ሌላ ቁም ነገር ብዙም አላወሩም። ያን ሁሉ ቁጣ ተቀምጠው አልተነጋገሩበትም። አንድ ቀን ግን ራሱ አነሳው። "ሃይማኖትህን አልወደድኩትም። ጎረቤቶችህን ግን ወደድኳቸው። ሱቁን እህትህ ትያዘው። አንተ ሂድና የጀመርከውን ጨርስ።"

በስህተቴ ልኩራ እንዴ? ... ትንሽ ኮራሁ። ከዚያ ያመለጠውን አውሮፕላን አሰብኩ፣ የነጠቅኳቸውን ሁለት ቀን። ኩራቱ ወረደ።

ሸዋአየሁ መጣች። ነገርኳት። ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ጫፉን ያዘችና ቆመች።

"እርግጠኛ ነህ፣ ተካ?"

"ራሱ ነው የነገረኝ!"

"ራሱ ማን? ሟቹ?"

"ልጁ!"

ያኔ አዘቀዘቀች። ማታ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ሱሌማን ወንበር አመጣ፣ ፓስተሩ ከቸርቹ ሰዎች ጋር መጣ፣ የኡራኤል ማኅበርተኞቼም መጡ። ጂሁን መሃል ተቀምጦ ለሚያጽናናው ሁሉ ጎንበስ እያለ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል። ወሬውን ያልሰማ አንድ ሽማግሌ ከላይኛው ሰፈር መጥቶ ጥግ ተቀመጠና ሸዋአየሁን ጠየቃት።

"ይሄ ልጅ የማን ነው?"

"የተካ ልጅ ነው" አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

"ማን ነው የሞተው?"

"አባቱ።"

ሽማግሌው ደረቱን መታ። "ወይኔ ተካ!"

"እዚህ ነኝ!" አልኩት።

ልቅሶ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልቅሶ ቤት ሲሳቅ አልወድም ነበር። ልቆጣ ዞርኩ፤ ጂሁንም እየሳቀ ነው፣ እንባው እስኪመጣ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፣ እንባው ግን አልቆመም። ከመጣ ጀምሮ ገና አሁን ማልቀሱ ነው። ፓስተሩ ወደ እኔ አየ፣ ሸዋአየሁም አየች። አንድ ነገር ተናገር እያሉኝ ነው። የማጽናናው ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ወንበሬን ጠጋ አደረግኩና በሁለት እጄ እጁን ያዝኩት።